የሌሊት ወፎቹን ከጎርፍ ያወጣንበት ዓመት

ከሁሉ አስቀድሞ መሥሪያ ቤታችንን ማመስገን ይገባል። እኛ የዛምቤዚ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ በተኛ ቁጥር ድስታችንን፣ ዶሮዎቻችንንና አማቶቻችንን ታንኳ ላይ ጭነን ወደ ከፍታው የምንወጣ ሕዝብ ነን። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ውሃ ሲመጣ ይወጣል፤ ውሃ ሲሸሽ ይወረዳል። ታዲያ መውጣት ያለበት ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው? ይህን ታላቅ ጥያቄ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው የኛ መሥሪያ ቤት ነው። የመለሰውም እሱው ነው፤ ለዚያውም ማንንም ሳያስቸግር፣ ማንንም ሳይጠይቅ።

የጥያቄው አባት ሊስዋኒሶ ይባላል። የጎርፍ ሜዳ መኖሪያዎች ባለሙያ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጊዜያዊ ሠራተኛነት ያገለገለ፣ ቋሚ ለመሆን ያልቧጠጠው ግድግዳ የሌለ ሰው። በመጨረሻ ቁጭ ብሎ «በጎርፍ ስለሚፈናቀሉ የሜዳችን የሌሊት ወፎች» የሚል የአርባ ገጽ ጥናት ጻፈ። ጥናቱ ካርታ አለው፣ ሰንጠረዥ አለው፣ ለባለቤቱ የቀረበ ምስጋና እንኳ አለው። የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሜዳው ውሃ ለብሶ ሳለ ሄዶ ያየ ሰው። ሊስዋኒሶ እንደማናችንም የመጀመሪያው ውሃ ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው ታንኳ ላይ ዘሎ የሚወጣ ነው። ግን ባለሙያ ስለሆነ ያላየውን ነገር ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ዋና ኃላፊያችን ክቡር ሙኬላባይ የጥናቱን ርእስ ብቻ አንብበው እንባቸው መጣ። ወዲያው ስብሰባ ጠሩ።

«እኛ ውሃ ሲመጣ እንወጣለን» አሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «እነሱስ? ምን በድለው ነው የሚሰምጡት?»

«ክንፍ አላቸው እኮ» አለ ቃለ ጉባኤ ያዡ።

«ክንፍ ያለው ሁሉ መሄጃ አለው ማለት ነው?»

ይህ ንግግር ቃለ ጉባኤው ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት ሰፈረ። በዚያው ዕለት የሌሊት ወፎቹ በክብር፣ በታንኳ፣ በከበሮ ታጅበው ከሜዳው እንዲወጡ፣ ከፍታው ላይም የቆርቆሮ መጠለያ እንዲሠራላቸው ተወሰነ። እነሱ በወጡ ማግሥት ደግሞ ይኖሩባቸው የነበሩት ሰባት አሮጌ ሾላዎች «የመመለስ ዝንባሌን ከምንጩ ለማድረቅ ሲባል» እንዲቆረጡ ታዘዘ። ዘመቻው ከተሳካ ሊስዋኒሶ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። ውሳኔው ሲነበብ ዛፎቹ ጋ ሲደረስ ሊስዋኒሶ ብዕሩን አስቀመጠ። ቋሚነቱ ጋ ሲደረስ መልሶ አነሣው። ፈረመ።

ከዘመቻው በፊት ሜዳውን ሊጎበኝ ሄደ። ውሃው ገና መምጣቱ ነበር። እዚያ ጉብታ ላይ፣ ከሾላዎቹ አጠገብ፣ ጎርፍ መጣ ብለው ቤታቸውን ለቀው የማያውቁ እማማ ኢኖንጌ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ አሉ። ሊስዋኒሶ ቁጢጥ ብሎ እጁን አጨበጨበና እንደ ደንቡ ሰላምታ ሰጠ።

«እማማ፣ የሌሊት ወፎቹን ልናወጣቸው ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ከፍታው። ጎርፉ ሳይበላቸው።»

እማማ ኢኖንጌ የዓሣውን ቅርፊት መፋቅ ትተው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ያምሃል እንዴ?»

«ጥናት አለ፣ እማማ።»

«ማን አጠናው?»

«እኔ ነኝ።»

«አዬ! በሽታው ከቆየብህማ አይድንም። ስማ ልጄ፤ እነዚህ ከውሃው አይሸሹም፣ ውሃውን ጠብቀው ነው የሚመጡት። ሜዳው ውሃ ሲጠጣ ትንኙ ይፈላል፣ የእሳት እራቱ ይፈላል። ያኔ ይጠግባሉ። የሚወልዱትም ያኔ ነው።»

«ይሄ ጥናቱ ውስጥ አልተካተተም።»

«ታዲያ አካተዋ! እጅህን ማን ያዘው?»

ሊስዋኒሶ ባለሙያ እንደሚያደርገው ማስታወሻ ያዘና ሄደ።

የዘመቻው ቀን ደረሰ። ሰው ከጎርፍ ሲወጣ የሚመቱትን ትልልቅ ከበሮዎች እንዲያውሱን ሽማግሌዎችን ለመንን። «ለማን ነው?» አሉን። «ለሌሊት ወፎች» አልናቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አንደኛው ትን ብሎት ውሃ አጠጣነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ከበሮ ተመታ። ዐሥራ ሁለት ቀዛፊዎች በቀይ ቆብ ተሰለፉ፤ ሰዎች ዛፎቹ ሆድ ውስጥ መረብ እየከተቱ በቀን እንቅልፍ ላይ ያሉትን ፍጥረቶች ለቀሙ። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት የሌሊት ወፎች በቅርጫት፣ ሰሌን ለብሰው ተጓዙ። ክቡር ሙኬላባይ አንዱን ይዘው ፎቶ ሲነሡ ጣታቸውን ነከሳቸው። ደሙን በመሐረብ እየጠረጉ «የምስጋና ንክሻ ነው» አሉ። አጨበጨብን። እውነቴን ነው፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

አመሻሹ ላይ መጠለያውን እንዲጠብቅ የቀረው ሊስዋኒሶ ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የታደግናቸው ወገኖች ተንጫጩ፣ ቤቱን አንድ ሁለት ጊዜ ዞሩ፣ ከዚያ ለንጹሕ አየር በተተወው መስኮት እየተግተለተሉ ወጥተው በቀጥታ ወደ ሜዳው በረሩ። አንድ እንኳ ለጨዋነት ብሎ የቀረ የለም። ሊስዋኒሶ ወደ ወንዙ ሮጠ። እማማ ኢኖንጌ ዓሣቸውን ሸጠው እየተመለሱ ነበር፤ ታንኳቸው ላይ ዘሎ ገባ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«አምልጠው ነው፣ እማማ!»

«እሰይ» አሉና መቅዘፍ ጀመሩ።

ሊስዋኒሶ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሜዳውን ከነውሃው በማታ ያየው ያን ቀን ነው። ከሰባቱ ሾላዎች ሆድ የሌሊት ወፍ እንደ ጭስ ይወጣል። ውሃው ላይ ዝቅ፣ ትንኙ መሐል ገባ፣ ከፍ። የሚሰምጥ የለ፣ የሚፈናቀል የለ፤ ድግስ ነው። እማማ ታንኳውን አንዱ ግንድ ሥር አስጠጉና በባትሪ ወደ ውስጥ አበሩለት። ገና ጠጉር ያላወጡ ጨቅላዎች እንጨቱ ላይ ተለጥፈው እናቶቻቸውን ይጠብቃሉ። ሊስዋኒሶ አፈረ። ፊቱን የሚያስገባበት ጠፋው። ነገ ጠዋት እነዚህ ያሉበት ዛፍ በእሱ ፊርማ በመጋዝ ሊወድቅ ነው።

«ሂድና ተሳስቻለሁ በላቸዋ» አሉ እማማ።

«ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ? ያባርሩኛል እኮ!»

«ቢያባርሩህ ዓሣ ማጥመድ አስተምርሃለሁ። እነዚህን ዛፎች ግን ማን ያበቅላቸዋል?»

ጠዋት መጋዝ የያዙት ሰዎች ታንኳ ሳይሳፈሩ ኃላፊው ቢሮ ደረሰ። ክቡር ሙኬላባይ ጣታቸውን በፋሻ ጠቅልለው የደስታ መግለጫ ደብዳቤ እያስጻፉ ነበር። ሊስዋኒሶ ደብዳቤው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ። የሌሊት ወፎቹ ተመልሰዋል።»

«ማን ፈቀደላቸው?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አልተመለሱም።»

በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊስዋኒሶ አእምሮ ሠራ።

«ልክ ነው ጌታዬ፤ አልተመለሱም። ካልተመለሱ ደግሞ ዛፎቹ ባዶ ናቸው።»

«ባዶ ናቸው።»

«ባዶ ዛፍ መቁረጥ ምን ይሠራል? ለምን ቅርስ አይሆኑም? ‹በክቡር ሙኬላባይ መሪነት የሌሊት ወፎች ከዚህ ወጡ› የሚል ሰሌዳ ቢለጠፍባቸው…»

ኃላፊው የታመመ ጣታቸውን አሻሹ። «ስሜ በትልቁ ነው?»

«ከሩቅ እንዲነበብ ተደርጎ። ሰው ቀርቦ እንዳያበላሸው ክልክል ነው ይባላል።»

«መጋዞቹን መልሳቸው!»

መጋዞቹ ተመለሱ። ሊስዋኒሶም ቋሚ ሆነ፤ የከፍታው መጠለያ ሥራ አስኪያጅ ነው። በየጠዋቱ ባዶውን ቤት ከፍቶ ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱም መገኘታቸውን ይፈርማል። እኛም ከሥሩ እንፈርማለን፤ ማን ከደሞዙ ጋር ይጣላል?

በሜዳው ላይ አንድም የሌሊት ወፍ እንደሌለ መሥሪያ ቤታችን በማኅተም ካረጋገጠ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ስለሌሉ የሚያድናቸው የለም፣ ስለሌሉ የሚያጠናቸው የለም፣ ስለሌሉ ማንም ወደ ዛፎቹ ዝር አይልም። እማማ ኢኖንጌ ባለፈው ሊስዋኒሶን ገበያ ሲያገኙት ዘንድሮ ማታ ማታ ሰማዩ እስኪጠቁር እንደበዙ፣ ትንኝ የሚባል ነገር ጎጇቸው ደጃፍ እንደጠፋ ነገሩት።

«ምን አድርጋችሁላቸው ነው?» አሉት እየሳቁ።

ሊስዋኒሶ መሬት መሬት እያየ «ተውናቸው፣ እማማ» አለ።