አባ መነጽር ስለ ጉሮሮ ነጯ ወፍ መሰላል እንደ ወጡ

ወኮነ በሦስተኛው ዓመተ ማፍሰስ፣ በዘመነ ባልዲ፣ የወፍ ቆጠራው ቢሮ ጣሪያ በዓቃቤ አዕዋፍ፣ በርእሰ ቆጣርያን፣ ድላቸው ገና ባይታይም በድል አድራጊው በአባ መነጽር ጠረጴዛ ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ ጣሪያ ሠሪዎች መጡ። ከጠረጴዛው በላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግን ክንፈ ማጭድ የምትባል ወፍ ሦስት ጫጩት ፈልፍላ ነበርና ሥራው ቆመ።

ክንፈ ማጭድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ተራውና ጉሮሮ ነጩ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም አየር ላይ እየጮኹ የሚውሉ፣ ጉሮሮ ላይ ካለችው ነጭ በቀር እናታቸውም የማትለያቸው ናቸው። ተራው ሞልቶ ተርፏልና ጎጆውን ያፈረሰ አይጠየቅም፤ ጉሮሮ ነጩ ግን ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታልና ጎጆውን የነካ ይታሰራል። የሦስቱ ጫጩቶች ነፍስ እንግዲህ በእናታቸው ጉሮሮ ቀለም ላይ ወደቀ።

ወእምዝ ተነሡ አባ መነጽር። መሰላል ያዡ ዘበኛ በቀኝ፣ ጃንጥላ ያዧ ጸሐፊ በግራ፣ ሳል የያዛቸው የመዝገብ ቤት ሹም በኋላ፣ ሥራ የፈታው ሁሉ በዙሪያ ሆኖ፣ ሰባት እርከን ወጥተው፣ በስምንተኛው ወደ ታች ቢመለከቱ እንደ ጀግና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሲገልጡ ነጭ ጉሮሮ አዩ። አዋጅም አስነገሩ፦

«ስማ! ይህች ጉሮሮ ነጯ ናት! ጣሪያ ሠሪ ሁሉ እጅህን ሰብስብ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አባ መነጽርም በስማቸው የሚወጣውን ሪፖርት እያሰቡ ምሳ እንኳ አላሰኛቸውም።

ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ወፏ ከዝናቡ ስትመለስ በመስኮት ቢያዩ ጉሮሮዋ ከሰል መስሏል። ነጩ ለካ የግድግዳ ኖራ ኖሯል! ወይ ጉድ! ሌላ ያየ ማንም የለም። ዝም ቢሉ ክብሩም ጫጩቶቹም በእጃቸው ነበሩ፤ መዝገቡ ግን የሌለውን ብርቅ ወፍ አለ ብሎ ሊዋሽ፣ ሰውም ከመጥፋት ተርፏል ብሎ ሊዘናጋ ነው። አፈሩ፣ ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻም ሁለተኛ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ! ተሳስቻለሁ፤ ያየሁት ኖራ ነው። ወፏ ተራዋ ናት፣ ሕግም አይጠብቃትም። የጣሪያ ሠሪዎች አለቃ ሆይ፣ ሌላውን ሁሉ ድፈን፤ ከእኔ ጠረጴዛ በላይ ያለውን ግን ጫጩቶቹ እስኪበሩ ተወው። የሚያፈሰው እኔ ላይ ነው።»

አለቃውም እየሳቀ ተወው። አባ መነጽር ጃንጥላ ዘርግተው፣ እያስነጠሱ፣ ስህተታቸውን በገዛ እጃቸው ሲጽፉ ሰነበቱ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሦስቱም በረሩ፤ ዞር ብሎ ያያቸው የለም።

ክብር ለአባ መነጽር፣ ብርቅ ወፍ ፈልገው ኖራ ላገኙ፣ ኖራ መሆኑንም ለተናገሩ፣ ሕግ ለማያውቃቸው ሦስት ጫጩቶች ሲሉ በፈቃዳቸው ለረጠቡ፤ ስማቸው ይክበር፣ እሳቸውንም ይማራቸው።