ድንጋይ የተሸከመው ንጉሥ

ሌሊት በሕልሜ ዙፋን ከልጅ ወደ አባት የሚወረስበት አገር ገባሁ። ንጉሡ የሚነግሠው ልጁ «አባቴ ነው» ብሎ ሲመሰክርለት ነበር፤ ያውም ዲቃላ ልጁ። በሕግ የተወለዱት መሳፍንት ማድ ቤት ተደብቀው ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

«አንተስ ምን አጥፍተህ ነው?» አልኩት አንዱን።

«ምን ላድርግ እቴ፣ ወላጆቼ በተክሊል ተጋብተው ወለዱኝ» ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ታሪኩን ሳነብ የከረምኩት ራስ ይመኑም እዚያ ነበር። ንጉሡ ከውኃ ቀጂ የወለደው የጦር አዛዥ ነው። ጦሩን ወደ ኋላ እያዘመተ ድል አደረገ። ጠላት ከኋላው እየሮጠ «እባክዎ፣ መሬታችንን ይውሰዱልን!» ይል ነበር።

ወዲያው ምክር ቤት ገባን። በቅሎዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ግብር ይከራከራሉ። ሚኒስትሮቹ ኮርቻ ተጭነው ቆመዋል። ራስ ይመኑ ሊፈርድ ሲል ንጉሡ በባዶ እግሩ፣ ማጅራቱ ላይ የይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ።

«ጌታዬ፣ አባቴ ይበሉኝ! ዛሬ ካላሉኝ ዙፋኑ ቀረብኝ።»

«እናቴ እኔን አርግዛ ከግቢህ ስትባረር በሩን የከፈተላት ማን ነው?»

ራስ ይመኑ ከበቅሎዎቹ ጀርባ የተደበቀ ሽማግሌ ጎትቶ አወጣ። እናቱን አግብቶ እሱን ያሳደገው ባልደራስ ሽበሺ ነበር። ጉልበቱን ሳመው።

«አባቴ ይኸው። እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ። ዙፋኑ ያንተ ነው።»

«ኧረ ተው! ምን በደልኩህና ታነግሠኛለህ?»

በቅሎዎቹ እልል አሉ። እናቴ ቀሰቀሰችኝ።

«ትርሲት፣ ተነሺ! ሽማግሌ መጥቷል።»

ሳሎን ወጣሁ። በሽማግሌዎቹ መሀል በፎቶ ብቻ የማውቀው ወላጅ አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። ልመረቅ ስል ትዝ አልኩት።

«በምርቃቱ ከጎንሽ ይቁም፣ አባት ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ያሳደገኝ ጋሽ ደርብ ለምርቃቴ ያሰፋው ሙሉ ልብስ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ደርብ ግን ልብሱን አላየም። ድንጋዩን ነው ያየው።

«መልሱ የትርሲት ነው» አለ። «ድንጋዩ ግን የእኛ ነው፤ የግቢውን በር የምናስደግፍበት። ሲወጡ ይመልሱት።»

እሱን ዕድሜ ልኬን «ጋሼ» ነበር የምለው። ወደ ተሸካሚው ዞርኩ።

«አባቴ ያለዎትን ሰምተዋል» አልኩ።