ሳሙራዩና አራቱ ጥንድ ጫማ

አሜሪካ ውስጥ ሳይደውል በር የሚያንኳኳ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሃይማኖት ሰባኪና መርዶ ነጋሪ። ሰባኪው ካልከፈቱለት ወረቀቱን በር ሥር ሸጉጦ ይሄዳል። ሌላኛው ግን ወዴት ይሄዳል?

ይህን ያወቅሁት ሲታክ በምትባል ከተማ፣ ከግርማ ጋር አንድ አፓርትማ ተጋርተን በምንኖርበት ጊዜ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ የሰው መኪና ፓርክ ስናደርግ አድረን ጎህ ሲቀድ እንገባለን። እንቅልፍ እንቢ ስለሚል ግርማ ቪዲዮ ይከራያል። ያን እሑድ ያመጣው የድሮ ጃፓን ፊልም ነበር፤ ሳሙራይ፣ ጎራዴ፣ የመሳፍንት ጠብ። ከኛ መሳፍንት የሚለዩት፣ ከመገዳደላቸው በፊት እጅ በመንሣታቸው ብቻ ነው።

መሐል ላይ የአንዱ ጌታ ልጅ ጦር ሜዳ ይሞታል። አባት አያውቅም። መልእክተኛ በበረዶ ውስጥ ይመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ጌታው ፊት ይንበረከካል፤ ከዚያ ዝም። ግርማ ሳቀበት። ታዲያ፣ ሞቷል ብሎ አይገላገልም እንዴ? ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣው ዝም ሊል ነው? አለኝ።

በራችን ተንኳኳ።

ስከፍት፣ የሠፈሩ ሐበሻ ሁሉ ሽማግሌ የሆኑት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ሰዎችና እትዬ አስናቀች፤ የነጠላቸው ጫፍ ከኮታቸው ሥር ብቅ ብሏል። ማንም ሳይጠይቃቸው ጫማቸውን አወለቁ። አራት ጥንድ፣ ዝናብ እያንጠባጠበ፣ በሩ ሥር ተደረደረ። ተቀመጡ፤ ከዚያ ዝም። ቴሌቪዥኑም ዝም፣ ቤቱም ዝም። ኧረ በስመ አብ! ጠጉሬ ቆመ።

ማንን ሊያረዱ ነው? በቤቱ ያለነው ሁለት ነን። የኔ እናት ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። የግርማ አባት ግን እንኳን ሞት ጉንፋን አይደፍራቸውም። ታዲያ ይሄ ምን ይጠየቃል? ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ብድግ ብዬ እናቴን ነው? ብዬ ጮኽሁ። ጋሽ ወልዴ ክንዴን ይዘው፣ ተቀመጥ ልጄ፣ አንተን አይደለም አሉኝ።

«ተመስገን!» አልሁ።

አይ አፍ! እጄ ግርማ ጉልበት ላይ እንዳረፈ ያወቅሁት ቀስ አድርጎ ሲያነሣው ነው።

እንዲሁ እንደተቀመጥን ፊልሙ አለቀ፤ ካሴቱም ራሱን ወደ ኋላ መጠንጠን ጀመረ። ያ በመልእክተኛው ዝምታ የሳቀው ግርማ፣ ዓይኑን ከባዶው ስክሪን ሳይነቅል፣ «እባክዎ ጋሼ፣ አይንገሩኝ» አለ። «መጀመሪያ ፊልሙ ይለቅ።»