ክር የሚያስገባ ዓይን

ቤቱ ቢቃጠል «ትንሽ ሞቀ እንጂ ምን ሆነ?» የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ለልብስ ሰፊው ሚስት የደረሳት እንዲህ ያለው ነው።

መጀመሪያ ባሏ የበሩን መቃን በግራ ትከሻው መታና በሩን ማን እንዳጠበበው ጠየቀ። ቀጥሎ ጎረቤቶቹን ሰላም ሳይላቸው እያለፈ «ኮራ» ተባለ፤ እሱ ደግሞ እንደ ሌባ ከጎን ብቅ ይላሉ ብሎ ተቀየማቸው። ልብስ የሚለካበትን የእንጨት ሰው በሳምንት ሦስቴ ገልብጦ ሦስቴም ይቅርታ ጠየቀው። ሚስቱ በሠላሳ ዓመት ትዳር ያላገኘችው ይቅርታ ነው።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ባለችው ቁጥር ቀጭኑን መርፌ ያነሳል፣ ክሩን በምራቁ ያሾላል፣ ባንዴ ያስገባዋል።

«ይሄ ዓይን ታመመ?»

ጎትታ ወሰደችው። ሐኪሟ ግላኮማ ነው አለች። በዓይን ውስጥ የበረታው ግፊት፣ ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሱትን የነርቭ ህዋሳት ቀስ በቀስ ይገድላል። አያምም፤ ከዳር ጀምሮ እየጨለመ መሐሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ የሚደረግ ጠብታ ሊያተርፈው ይችላል። ክቡርነቱ ሁሉን በትዕግሥት ሰምቶ፣ «መርፌው ይታየኛል ማለትዎ ነው» ብሎ ተነሳ።

ጠብታው ሳይከፈት ወር ከረመ። ሚስቱ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግራው፣ ዘወትር ቁልፍ ከምትተክልበት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ክር ያስገባበትን መርፌ ሊሰጣት ፈልጎ ወደ በሩ ተጣራ።

«አንቺ፣ የት ሄድሽ?»

ክንዱ ሊነካት ስንዝር ነበር የቀረው። በርጩማዋን አነሳችና በእሱና በመስኮቱ መካከል፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ብርሃኔን ጋረድሽው እኮ።»

«ልጋርደው። የቀረችህ ቀዳዳ ይቺው ናት፤ እኔም ልታይባት።»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ራሱን ወደ ኋላ አዘነበለ።

«ለመርፌው ስል ነው» አለ።

ጠብታውን ስታንጠባጥብለት የጨለመው ዳር እንደማይነጋ ታውቃለች፤ የቀረውም ስንት ዓመት እንደሚከርም የነገራት የለም። በርጩማው ግን ከመስኮቱ ፊት አልተነሳም፤ እሱም ጠዋት ጠዋት ስለ ብርሃኑ ይነጫነጫል። ዝም በል ስትለው የኖረች ሴት፣ አሁን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ያንን ንጭንጭ ትጠብቃለች። እስኪመጣ ድረስ እጇ ቁልፍ አያነሳም።