የብሎካችን ባላባቶች

ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አለ፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትም ሞልቷል። የማስተርስ ተማሪ የሌለበት ኮንዶሚኒየም ግን በአዲስ አበባ ፈልጋችሁ አታገኙም። ደረጃ ላይ አድፍጦ ይጠብቃችኋል። «ለጥናት ነው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ይላችኋል። አምስቷ ደቂቃ ምሳችሁን በልታ ትሄዳለች።

የእኛ የልደታው ክቡር ተመራማሪ ዮፍታሔ ይባላል። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ስቱዲዮ ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። የሚያጠናው ስለ ብዝኃ ባህል፣ ስለ ፍልሰትና ስለ ብሔራዊ ማንነት ነው። ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና ስንት ዓይነት ሰው አይቻለሁ፤ በሰው አያት እንዲህ የሚደሰት ግን አላጋጠመኝም። አያቴ ከመንዝ በእግራቸው መምጣታቸውን ብነግረው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለጥናቱ ትልቅ ግብዓት ነው!»

ለእሱ ግብዓት ያልሆነ ነገር የለም። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ረዳቱና ተሳፋሪዋ በሁለት ቋንቋ ሲሰዳደቡ ግብዓቱ እንዳያመልጠው ብሎ መውረጃውን አልፎ ጦር ኃይሎች ደርሷል።

ችግሩ ዮፍታሔ ወንደላጤ መሆኑ ነው። ወንደላጤ፣ ያውም ረጋ ያለና የተማረ፣ ሴት ልጅ ያለበት ቤት ገብቶ «የእናትዎ አባት ማን ይባላሉ? ከየት አገር መጡ?» ብሎ ከጠየቀ በአገራችን ትርጉሙ አንድ ነው። ዘር እየቆጠረ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩን አጣርቶ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። ያልተዳሩ ሁለት ሴት ልጆች ያሏቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ዶሮ ሠርተው ጠበቁት፤ አያታቸውንም ግራዝማች አደረጓቸው። ጎረቤታችን መሪማ በበኩሏ የምትድርለት ልጅ ባይኖራትም ከጎረቤት ላለማነስ አያቷን ነጋድራስ ብላ ሾመች። ባለቤቴ ደግሞ ልጃችንን ሃኒን እያየች በክርኗ ጎሸመችኝ። «የኔ ቅድመ አያት ፊታውራሪ መሆናቸውን ለምን አትነግረውም?» ፊታውራሪውን ያን ዕለት መስማቴ ነበር።

ዮፍታሔ የሰማውን ሁሉ አምኖ ጽፎ ለአማካሪው ወሰደ። አማካሪው አንብበው ወረቀቱን መለሱለት። «አንድ ብሎክ ሙሉ ባላባት? ታዲያ ያረሰው ማነው?» አሉት። እንደገና ካልሠራው በዚህ ዓመት መመረቅ የለም።

ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ሁሉም ለጋብቻ የመጣ መስሏቸው እንደዋሹት የነገርኩት እኔ ነኝ፤ የሚዋሽ ምስክር ስሰማ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ በእድር ስብሰባ ላይ ፈቃድ ጠይቆ ተነሣ።

«እናቶቼ፣ ይቅርታ። ማንንም ላገባ አይደለም የመጣሁት። የጠየቅኳችሁ ለትምህርቴ ነው። አሁን እውነቱን ካልነገራችሁኝ ወድቄያለሁ።»

ባለቤቴ ነጠላዋን ሰብስባ ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ዶሮዋ ትዝ ሳትላቸው አልቀረችም፤ ትንፋሻቸውን ሳቡና ተነሡ።

«በል እንግዲህ፣ ካላገባህማ እውነቱን ልንገርህ። አያቴ ግራዝማች አልነበሩም። የግራዝማች በቅሎ ጠባቂ ነበሩ። በቅሎዋ ጠፋችባቸውና ፈርተው አዲስ አበባ ገቡ፤ በዚያው ቀሩ።»

ሳቁ ግድግዳውን ሊያፈርሰው ደረሰ። መሪማ ተከተለች፤ «ነጋድራስ ያልኳቸው የኔ አያት ከስልጤ መጥተው መርካቶ ሸክም ተሸካሚ ነበሩ። መጀመሪያ ያደሩት የማያውቁት ክርስቲያን በረንዳ ላይ ነው። ሰውየው ጠዋት ፊት መታጠቢያ ውሃ ሰጧቸው፤ እስኪሞቱ ድረስ አወሩት።» ከዚያ በኋላ ማን ይስማ! የባላባቱ ወንበር ባዶ ቀረ። የሸሸ፣ የተራበ፣ ወታደር ሆኖ የመጣ፣ ባል ጥላ የጠፋች አያት ሁሉ አዳራሹን ሞላው። ያኮረፈችው ባለቤቴ እንኳ «ቆይ፣ የኔ ይቅደም!» እያለች እጇን ታወጣለች። ዮፍታሔ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ «ግብዓት ነው! ግብዓት ነው!»

«አንተስ? የማን ልጅ ነህ?» አልኩት መጨረሻ ላይ።

«ከእናቴ ወዲያ አላውቅም፣ ጋሼ» አለ። «እሷም ሳልጠይቃት አለፈች።»

እስከዚያ ቀን ማናችንም አልጠየቅነውም ነበር።

ጽሑፉን በሚያቀርብበት ቀን ሚኒባስ ተከራይተን ዩኒቨርሲቲ ሄድን። የሌሎቹ ተማሪዎች ወላጆች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እኛ ሌላ ቦታ አጥተን ከኋላ ተጠቅጥቀናል። ልጁ ሲያቀርብ እንዴት አማረበት! መጨረሻ ላይ አንዱ ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«መረጃ ከሰጡህ ሰዎች ጋር ያለህ ግንኙነት ምንድነው?»

እሱ አፉን ሳይከፍት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከኋላ «ልጃችን ነው!» ብለው ጮኹ። እኛም በጭብጨባ አጸናንላቸው።

«ይሄማ ገለልተኝነቱን ጥያቄ ውስጥ ይከታል» አሉ ፈታኙ። «እውነት ነው?»

አይደለም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዮፍታሔ ዞሮ አየን፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አዎ፣ ልጃቸው ነኝ» አለ።

ማለፉን አለፈ፤ ነጥብ ግን ተቀንሶበታል። ይቀነስበት!