የኮሪደሩ ፕሮፌሰር እና ያልተከፈቱት ፖስታዎች

ሐኪም ቤት ባለበት ሁሉ፣ ሳይማር የሚያክም አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ አይጠፋም። ሐኪሙ ሊያረፍድ ይችላል፣ ማሽኑም ሊበላሽ ይችላል፤ እሱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የእኛው ክቡር ፕሮፌሰር ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ከላቦራቶሪው መስኮት አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ራሳቸውን ሾመዋል።

አንድ ሰው የደም ውጤቱን ይዞ ብቅ ካለ አለቀለት። «እስቲ አምጣው» ይላሉ። መነጽራቸውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ያነሱታል። ከቁጥሩ ጎን ኮከብ ካለ ከልኩ ወጥቷል ማለት ነውና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ባለወረቀቱ ላብ ላብ ሲለው ያቺን አባባላቸውን ያወርዷታል፦ «አንድ ቁጥር ወሬ ነው፤ ሁለት ቁጥር ነው ምስክር! የቀድሞውን አምጣ!»

እኔ እዚያ መመላለስ የጀመርኩት በግራ እግሬ አውራ ጣት ምክንያት ነው። ስኳር እግሬን አደንዝዞት ኖሮ፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ይዤ ቀኑን ሙሉ ስዞር አልተሰማኝም። ቁስሉ ሥር ሰደደ። ሐኪሙም ቁርጡን ነገረኝ፦ «ደምህ ውስጥ ያለው፣ የቁስሉን መቆጣት የሚያሳየው የብግነት ቁጥር ከወረደ በመድኃኒት እንገፋበታለን። ካልወረደ ጣቱ ይቆረጣል።» መልሱ ሐሙስ ነው። እስከ ሐሙስ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ፕሮፌሰሩን አልወዳቸውም ነበር። የሰው ጫማ እያስወለቁ እጃቸውን ከትተው ጠጠር ይፈልጋሉ፤ አንድ ቀን ስኳር የሚባል የሌለበትን የመድኃኒት ሻጭ ሳይቀር በካልሲ አቁመውታል። የአንዱን ዘበኛ የካርድ ቁጥር የስኳር ልክ መስሏቸው «አንተ እስካሁን እንዴት ቆመህ ትሄዳለህ?» ቢሉት፣ ሰውዬው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ደግሞ ሲቀናቸው ይቀናቸዋል። አንዲት እናት የትልቁ አንጀት ካንሰር ጠቋሚ የሚባለው ቁጥር ከልኩ ትንሽ አልፎባቸው፣ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

«እትዬ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«እኔ? ምን ሲደረግ!»

«አይ፣ ይኼ ቁጥር በሲጋራም ከፍ ይላል ሲባል ሰምቼ ነው።»

እናትየው ልጃቸውን አዩ፤ ጣራውን አዩ። «አልፎ አልፎ… ሽንት ቤት ውስጥ።»

«እማዬ!» አለ ልጁ። ኮሪደሩ በሳቅ ተንጫጫ፤ እሳቸውም እያፈሩ ሳቁ። ፕሮፌሰሩ ብቻ አልሳቁም። «ቢሆንም ሐኪሙ አንጀትዎን በካሜራ ይይልዎት። ወሬን ችላ አይሉም» አሏቸው።

እንዲህ ሆነው ደግሞ ቸር ናቸው። ነርሷ ተራቸውን ስትጠራ ከአጠገባቸው ያለውን ይገፉታል፦ «ግባ፣ ግባ! ለእኔ አይቸኩልም!» ስንቱ መርቋቸዋል መሰላችሁ።

ሐሙስ ደረሰ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሁሉ ሳማቸው የኖርኩት ሰውዬ ውጤቴን ተቀብዬ ፖስታውን ለመክፈት አልደፈርኩም። በቀጥታ ወስጄ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ ሦስት ፖስታዎች መሬት ላይ ወደቁ። ጎንበስ ብዬ አነሳኋቸው። የዚያው ላቦራቶሪ ናቸው፤ ስማቸው ተጽፎባቸዋል፤ አንዱም አልተከፈተም።

«የጎረቤት ነው» አሉ።

«ስምዎ አለበት እኮ፣ ጋሼ።»

 ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያንን ክፉ በሽታ ከአንጀቴ ካወጡልኝ ወዲህ በየወሩ ደም ይወስዱልኛል። ወረቀቱን ይዘህ ግባ ይላሉ። እኔ ደግሞ… ለሌላ ሰው ተራ እሰጣለሁ።»

ደሜ ፈላ። «ሦስት ወር ሙሉ የሰውን ሁሉ ሲያነቡ!»

«የሰው አያስፈራም፣ ልጄ» አሉ። «እስቲ አንተ እየው።»

የላይኛውን ቀደድኩት። ያው የአንጀት ካንሰር ጠቋሚው ቁጥር ሰባት ይላል። ከጎኑ ኮከብ አለ። ወረቀቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

«ኮከብ አለው አይደል?» አሉ። መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት ጉልበታቸውን ጨብጠዋል።

 አፌ ላይ የመጣልኝ የራሳቸው ቃል ነው። «አንድ ቁጥር ወሬ ነው። የቀድሞውን ያምጡ።»

የቀሩትን ሁለቱን ከፍቼ ሦስቱንም በየቀናቸው፣ ከቆየው ወደ አዲሱ፣ ጉልበቴ ላይ ደረደርኳቸው። አርባ አንድ። ዐሥራ ሰባት። ሰባት። ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ በከንፈራቸው ተከተሉኝ።

«ሰባቱም ግን ኮከብ አለው» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«አለው። ይኼንንማ ሐኪሙ ይንገርዎት።»

«ዐሥራ አራት!» ብላ ነርሷ ተጣራች። የእኔ ተራ ነው። ጣቴ ፋሻው ውስጥ ሆኖ ትር ትር ሲል ተሰማኝ፤ ወይም መሰለኝ። ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ከገባሁ ተነስተው ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ አወቅኩ። ሦስቱን ወረቀት ደረታቸው ላይ ለጥፌ ከወንበራቸው አነሳኋቸው።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ለእኔ አይቸኩልም!»

በሩ ተዘጋ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ የእኔን ፖስታ እንደያዙ ገብተዋል። ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ለእሳቸው ይሁን ለጣቴ የምጨነቀው መለየት አቃተኝ።

በድንገት በሩ ገርበብ አለና የፕሮፌሰሩ ጭንቅላት ብቅ አለ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው።

«አንተ! የቀድሞህ ስንት ነበር?»

«ዘጠና ስድስት!»

ወረቀቴን ወደ ብርሃኑ አነሱት። «ሠላሳ አንድ! ጣቴን አልሰጥም በላቸው!»

«አባት» አለ የሐኪሙ ድምፅ ከውስጥ፣ «እባክዎ ይቀመጡ። አሁን ስለ እርስዎ ነው የምናወራው።»

«እሺ» አሉ ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው። ገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉት። እኔም የቀኝ ጫማዬን አወለቅኩና፣ ማንም ሳያዘኝ፣ እጄን ከትቼ ጠጠር እንዳለ ፈተሽኩ።