ግድግዳ ላይ የሰቀሉኝ ኤሲዎች

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ወሰደኝና ሕልም አየሁ።

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ መሃል ቆሜአለሁ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች፤ ግን የምታወርደው ብርድ ነው። ሰው ሁሉ ለመሞቅ ጥላ ሥር ይጋፋል። ቲማቲሞቹ በመደዳ ያስቀመጧቸውን ሰዎች እየጫኑ ይመርጡ ነበር። አንዷ ጉንጬን ጫን አድርጋ «ይሄ ገና ጥሬ ነው፤ መልሱት» አለች።

አልተቀየምኳትም፤ ቸኩያለሁ። የኤሲ ጥገና የብቃት ምዘናዬ ቀን ነበር። ስድስት ወር የሠለጠንኩት ለዚህ ነው። ካለፍኩ የምስክር ወረቀት ይሰጠኛል፤ ወረቀቱን ካመጣሁ አንድ ሆቴል ሊቀጥረኝ ተስማምቷል። እጄን አምነዋለሁ። የምፈራው የቃል ጥያቄውን ነው። ሰው ፊት ስቆም የማውቀው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ባጃጅ ጠራሁ። መጣና ትከሻችን ላይ ወጣ። ሹፌሩ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ተሸክመነው ማሠልጠኛው ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ሳቢያን ሮጥን።

«አቦ ቀስ በሉ እንጂ! ጉድጓዱ አይታያችሁም?» ይለናል ባጃጁ ከላይ። ማሠልጠኛው በር ላይ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸና ዘሎ ወረደ።

ውስጥ መምህራችን ጋሽ ሙክታር ጣታቸውን አንሥተው አንድ የኤሲ ኮምፕረሰር ፊት ቆመዋል።

«ሽንት ቤት ልሂድ?»

«መጀመሪያ የቤት ሥራህን አሳይ» አላቸው ኮምፕረሰሩ።

ጋሽ ሙክታር ወደ እኔ ዘወር ብለው «ሚፍታህ፣ በአላህ እንዳታሳፍረኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አላሳፍርዎትም» አልኩ። እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም።

የምዘናው ክፍል ውስጥ ሦስት ኤሲዎች ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት የመስኮት ኤሲ ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ሲተነፍሱ ይንቀጠቀጣሉ። ከግራና ከቀኝ ያሉት ጎረምሶች ናቸው። ጎረምሶቹ አንሥተውኝ ትከሻዬ ላይ ሁለት ብሎን አሰሩና ግድግዳ ላይ ሰቀሉኝ። ሰው እንዲያየኝ አልወድም። ከዚያ ላይ ሆኜ ሳያቸው ግን ሁሉም ትንንሾች ነበሩ።

አንደኛው ጎረምሳ ስፖንጅ በሳሙና ነክሮ መጣ። እኛ ጋዝ የሚያፈስ ቱቦ ስንፈልግ መገጣጠሚያውን ሳሙና እንቀባለን፤ አረፋ ከተነፋ እዚያ ጋ ያፈሳል ማለት ነው። ጉልበቴን ቀባኝ፤ ደህና ነው። ክርኔንም እንዲሁ። አንገቴን ሲቀባ ትልቅ አረፋ ተነፋ።

«ጉሮሮው ያፈሳል! ውድቅ!»

«ተው አንተ» አሉት ሽማግሌው። «ታፍኖ የከረመ ድምፅ ነው፤ ይውጣለት። በል ልጄ፣ ጠይቀን።»

«እኔ ነኝ የምጠይቀው?»

«ታዲያ ማን ሊጠይቅ ኖሯል? ተመዛኝ ይጠይቃል፣ መዛኝ ይመልሳል። ሦስት ዕድል አለህ። አንዱን እንኳ ካላወቅን አለፍክ፤ ሁሉን ከመለስን ወደ ቤትህ።»

ድምፄን ጠረግሁ። «ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ምን ይደረጋል?»

«ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ ይወጣል!» አለ አንደኛው ጎረምሳ፣ ሳልጨርስ።

«የኤሲው የውጭ ማሽን ሙቁን ነፋስ ወዴት ይተፋል?»

«ወደ ጎረቤት!» አለ ሁለተኛው። ተሳሳቱ ብዬ ደስ ሲለኝ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው፤ አይተናል» አሉ።

አንድ ዕድል ቀረኝ። ጎረምሶቹ ብሎኑን ሊፈቱ መፍቻ አነሡ። ያጠናሁትን ሁሉ በሐሳቤ ገለበጥኩ፤ የማያውቁት አልነበረም። ከዚያ ሽማግሌው ሲንቀጠቀጡ አየኋቸው።

«አባባ፣ ለመሆኑ እርስዎን የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

ከሽማግሌው ሆድ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «የመጣው ሁሉ ሳይከፍተኝ ‹ጋዝ ጎድሎታል› እያለ ሲሞላኝ ኖረ። አንድ ቀን ማጣሪያዬን አውጥቶ ያጠበልኝ የለም። የት እንደሚያመኝ ማንም ስላልጠየቀኝ እኔም ረሳሁት። እናንተስ ታውቃላችሁ?»

ጎረምሶቹ መፍቻቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«አላወቅንም። አልፈሃል!» አሉ ሽማግሌው፤ ጡብ የሚያህል ማኅተምም አነሡ። ወረቀት ግን አልነበረም፤ ማኅተሙን ግንባሬ ላይ ጠፍ አደረጉት። ነቃሁ።

ግንባሬን የመታኝ ከፊቴ ያለው አግዳሚ ወንበር ነበር። የእውነተኛው ምዘና ኮሪደር ላይ ተደፍቼ ተኝቼ ነበር። አብራኝ የሠለጠነችው ኢፍቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ተነሥ አቦ፣ መዛኙ መጣ።»

መዛኙ ሸሚዛቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል። በስማችን ዝርዝር እያራገቡ «ምዘናው ለሌላ ወር ተላልፏል» አሉ። «የክፍሉ ኤሲ ተበላሽቷል፤ በዚህ ሙቀት ሰው አይመዘንም።»

«እኛ እኮ የኤሲ ጥገና ተመዛኞች ነን» አለች ኢፍቱ።

«አውቃለሁ። ግን ወረቀት የላችሁም። ወረቀት የሌለው ሰው የመንግሥት ንብረት አይነካም።»

«ወረቀቱ የሚገኘው በምን ነው?»

«በምዘና» አሉ መዛኙ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

አሥራ አራት ሠልጣኞች ነበርን፤ ሁሉም ወለል ወለሉን አየ። ሆቴሉ ሌላ ወር አይጠብቀኝም። ተነሣሁ።

«እኔ ልየው» አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው።

«በማን ኃላፊነት?»

«ከሠራ በእርስዎ፣ ካልሠራ በእኔ» አልኳቸውና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መሰላል አነሣሁ።